ውሃው የሚመለስበት ወር

ፕኖም ፔን፣ ጁን 6 ቀን 2019

ለምወድዎትና ለማከብርዎት ለአጎቴ ለዩን፣

ሰላምታዬን ሳላቀርብ ይቅርታዬ ይቅደም። ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት አለፈው። ደብዳቤያችንን የሚያመላልሰው ነጂ ቡን ሄንግ ዓሣውን ገበያ ባራገፈ ቁጥር እየመጣ «መልሱስ? ሽማግሌው የሚቆጡት እኔን ነው» እያለ አስጨንቆኛል። እርስዎ ስልክ የሚሰሙ ቢሆን ኖሮ በየማታው እደውል ነበር። የጀልባ ሞተር ጆሮዎን በላውና ወረቀት ብቻ ቀረልን። አክስቴስ እንዴት ናት? ሳሉ ተሻላት?

የዓለም ረጅሙ ወንዝ የትኛው ነው ላሉኝ፣ ናይል ነው። ስድስት ሺህ ስድስት መቶ ሃምሳ ኪሎሜትር ያህል ይሄዳል። አማዞን ይበልጠዋል የሚሉም አሉ፤ ክርክሩ አላለቀም። በውሃ ብዛት ግን አማዞንን የሚደርስበት የለም። ኮንጎ የምድርን ወገብ ሁለቴ ያቋርጣል። ዳኑብ አሥር አገር ያልፋል። የናይልን ትልቁን ገባር የአገሩ ሰዎች ዓባይ ይሉታል፤ «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚል ተረትም አላቸው አሉ። ይህን ሳነብ እርስዎ ትዝ አሉኝ።

ይህን ሁሉ የማውቀው ለስድስተኛ ክፍል በሚዘጋጀው የጂኦግራፊ መጽሐፍ ላይ «የዓለም ወንዞች» የሚለው ምዕራፍ ለእኔ ስለተሰጠኝ ነው። የኛን ወንዝ መጨረሻ ላይ አስገብቼዋለሁ። ሁለት መስመር ብቻ ፈቀዱልኝ። የማተሚያ ቤቱን የሙከራ ገጽ አብሬ ልኬያለሁ። በዘጠኝ ዓመቴ ፊደል ያስቆጠርኩዎት እኔ ነኝና ዛሬ ደግሞ እርስዎ እኔን ያርሙኝ። እናትና አባት ባልነበሩኝ ጊዜ ያሳደገኝን ውሃ ተሳስቼ ብጽፍ አፍራለሁ።

አክባሪዎ
ኮላፕ


ከተንሳፋፊው መንደር፣ ካምፖንግ ችናንግ፣ ጁን 17

ለአስተማሪዬ ለኮላፕ፣

እኔ ደህና ነኝ። አክስትሽ እየሳለችም ትቆጣኛለች፤ ስለዚህ እሷም ደህና ናት። ሦስት ሳምንት መዘግየትሽን ይቅር ብያለሁ። ቡን ሄንግን ግን አልተቆጣሁትም፤ ውሸቱን ነው።

የላክሽውን ገጽ ለአክስትሽ አነበብኩላት። እየጮህኩ እንደነበር ያወቅኩት ጎረቤቱ ሁሉ በጀልባ መጥቶ በረንዳዬ ላይ ሲሰበሰብ ነው። ከዚያ ወዲያ ማቆም አይቻልም፤ እስከ መጨረሻው አነበብኩላቸው። ዓባይን ወደድነው። ግንድ ይዞ የሚዞር ከሆነ የኛ ዘመድ ነው። ናይል ግን ያን ሁሉ ኪሎሜትር ሲሄድ አንድ ቀን እንኳ ዞር ብሎ የማያየው ምን ቢያስቀይሙት ነው? ጎረቤታችን ሞም ደግሞ «ወንዝ ሁሉ ወደ ታች ከወረደ ላይ ቤት የሚጠብቅ ማን ቀረ?» ብላ ሰዉን አሳቀችው። አፏን ታውቂዋለሽ።

ስለ ወንዛችን የጻፍሽውን አራት ጊዜ አነበብኩት። «የቶንሌ ሳፕ ወንዝ በዓመት አንድ ጊዜ አቅጣጫውን ይቀይራል። በጁን ወር የሜኮንግ ውሃ ሲሞላ ወንዙን ገፍቶ ወደ ሐይቁ ይመልሰዋል።» ያምራል። ከዚህ በላይ አሳጥሮ መጻፍ አይቻልም።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ሰዉ ቤታችንን የምንጎትተው መቼ ነው እያለ በየጠዋቱ ይመጣብኛል። ነገሩን አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ውሃው ሲመለስ አሥራ አንዳችንም ቤታችንን በጀልባ ጎትተን ወደ ጫካው ቦይ እንገባለን። ከዘገየን የሐይቁ ማዕበል ይሰብረናል፤ ከቸኮልን ጭቃ ይይዘናል። ቀኑን የምናገረው እኔ ነኝ። እንደ ድሮው ግማሽ የኮኮናት ቅርፊት ወንዙ ውስጥ በተተከለው ምሰሶ ላይ በገመድ አስሬ በየጠዋቱ ወዴት እንደምትጎትት አያለሁ። እስከ ዛሬ ወደ ታች፣ ወደ ፕኖም ፔን እንዳፈጠጠች ናት። ውሃው አልደፈረሰም። ቀዩ የላይ አገር ውሃ አልሸተተኝም።

ቅርፊቷ ገና ነው ትላለች። የእኔም ዓይን ገና ነው ይላል። የአንቺ ወረቀት ግን ጁን ይላል፣ ያውም በማተሚያ ፊደል። እርግጠኛ ነሽ ወይ?

አጎትሽ
ዩን


ፕኖም ፔን፣ ጁን 22

ውድ አጎቴ፣

ቡን ሄንግ መኪናውን አስነስቶ እየጠበቀኝ ስለሆነ አጭር ብጽፍ አይቀየሙኝ። ስላነበቡልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ሞም ያለችውን ለሥራ ባልደረቦቼ ነግሬ ቢሮው በሳቅ ፈረሰ።

ስለ ወሩ አይስጉ። ሦስት መጽሐፍ አገላብጫለሁ፤ ሦስቱም ጁን ይላሉ። እርግጠኛ ነኝ። ያቺን ቅርፊትዎን ማንበብ ያስተምሯትና እሷም ትወቀው።

ለአክስቴ የሳል ሽሮፕ ልኬያለሁ፤ ጠዋትና ማታ አንድ ማንኪያ ትውሰድ።

ኮላፕ


ከመንደር፣ ጁላይ 14

ለኮላፕ፣

ሰላም ነን። ለሁለቱ ደብዳቤዎችሽ ሳልመልስ የቆየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው። ሽሮፑ ደርሷል፤ አክስትሽ እህቷ ዘንድ የብስ ላይ ሰንብታ ትምጣ ብዬ ልኬያታለሁ፤ ሽሮፑንም ይዛው ሄዳለች። ለጥቂት ቀን ነው።

በሁለተኛው ደብዳቤሽ ለበዓሉ ፈቃድ ወስጄ ልምጣ ላልሽው፣ አሁን አትምጪ። መንገዱ አይመችም። እኔም ቤቱን እያደስኩ ስለሆነ የምትተኚበት ቦታ የለም። በጨው ያሸግነውን ዓሣ፣ ፕራሆኩን፣ በሚቀጥለው እልክልሻለሁ፤ ማሰሮዎቹ ገና አልበሰሉም።

ሙቀቱ ከባድ ነው። ውሻችን ብቻ ተመችቶታል፣ ቀኑን ሙሉ ከቤቱ ሥር ጥላ ውስጥ ተጋድሞ ይውላል።

መጽሐፍሽ መቼ ነው የሚታተመው? ስምሽ ሽፋኑ ላይ ይወጣል?

አጎትሽ


ፕኖም ፔን፣ ጁላይ 18

አጎቴ፣

ሰላምታዬን ለኋላ አቆይቼ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ውሻው ከቤቱ ሥር ምን ይሠራል?

እዚያ ቤት ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት አድጌያለሁ። ከቤቱ ሥር ቀርከሃ አለ፤ ከቀርከሃው ሥር ውሃ፤ ከውሃው ሥር ዓሣ። ውሻ የሚጋደምበት ቦታ እዚያ የለም። ካለ ደግሞ ውሃው የለም ማለት ነው።

ዛሬ ቡን ሄንግን ያዝኩት። «አጎቴ ደህና ናቸው?» ስለው ጎማውን እየረገጠ «ደህና ናቸው» አለኝ። «ለምን ዓሣ አታመጣም ከእሳቸው?» ስለው ሌላኛውን ጎማ ረገጠ። «እናቴን ልጣ፣ እንዳትነግራት ብለውኛል» አለና መኪናው ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋብኝ። ሰውየው መዋሸት አይችልም፤ እርስዎም አይችሉም። ፕራሆኩ «አልበሰለም» ሲሉኝ ማሰሮዎቹን ጃንዋሪ ላይ አብሬዎት እንዳሸግኩ ረስተውታል።

መጽሐፉ ኦገስት መጨረሻ ይታተማል። የፈተና ጥያቄም ተዘጋጅቶለታል፦ «የቶንሌ ሳፕ ወንዝ አቅጣጫውን የሚቀይረው በስንተኛው ወር ነው?» መልሱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ እባክዎን እውነቱን ይንገሩኝ። ቤቱን መቼ ጎተቱት?

ኮላፕ


ከመንደር፣ ጁላይ 27

ለልጄ ለኮላፕ፣

ደብዳቤሽን አንብቤ መጀመሪያ ውሻውን ረገምኩት። ቀጥሎ ራሴን። ሽማግሌ ሲዋሽ እንዲህ ነው፤ ፊቱን ሸፍኖ ጭራውን ውጭ ይተዋል።

የጎተትነው ጁን 26 ነው። መልስሽ በደረሰኝ በማግሥቱ። ቅርፊቷ ደብዳቤሽ በደረሰኝ ዕለት ጠዋትም ወደ ፕኖም ፔን ነበር የምትጎትተው፤ አይቻታለሁ። አይቻት «አንቺ ማይም» አልኳትና ሰዉን ጠርቼ «ቀኑ ነገ ነው» አልኩ። ማንም አልጠየቀኝም። በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜም አልተሳሳትኩማ።

ቦዩ ውስጥ ከገባን በሦስተኛው ቀን ውሃው አንድ ክንድ ወረደ። «ይመለሳል» አልኩ። በሰባተኛው ቀን ጀልባዎቹ መሬት ነኩ። ለመውጣት ሞከርን፤ የቻልነውን ያህል ጎተትን። በዘጠነኛው ቀን ቤቱ ጭቃው ላይ ተቀመጠ። ድምፁን አልሰማሁም፤ በእግሬ ነው ያወቅኩት፣ ወለሉ ደነገጠብኝ። ከሥር ያለው ቀርከሃ ተሰነጣጠቀ። በመረብ ውስጥ የምናረባው ዓሣ ሙቅ ውሃ ውስጥ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ተንሳፈፈ። የአሥራ አንድ ቤት ዓሣ ነው፣ ኮላፕ። ቀብረን ቀብረን አልቆ አልል አለ፤ ሽታው እስካሁን አለ። አክስትሽ የሄደችው በዚያ ሽታ ሳሉ ስለባሰባት ነው። አሁን ተሽሏታል፤ ይሄኛው ውሸት አይደለም።

ሰዉ አልሰደበኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። በጭቃው ላይ በእግሩ ሲያልፍ ሰላም ይለኛል፤ ግን ቀኑንም ሆነ ነፋሱን የሚጠይቀኝ የለም። «ዓይኔ ነው የተሳሳተው፣ አርጅቻለሁ» አልኳቸው። ሞም ብቻ አላመነችኝም። ገጹን ሳነብ በረንዳዬ ላይ ነበረች አይደል? ፊቴ ቆማ ከንፈሯን እንዳነብ ቀስ ብላ «ፊደል ሳያምን ሠላሳ ዓመት ያልተሳሳተ ሰው፣ ፊደል አምኖ ገደለን» አለችኝ።

አንቺ ግን እንዳታለቅሺ። ጥፋቱ የእኔ ነው። አንቺ ያላየሽውን ጻፍሽ፤ እኔ ያየሁትን ተውኩ፤ የእኔ ይብሳል። እስከ አርባ አምስት ዓመቴ ፊደል አልነበረኝም። የታተመ ነገር ሲያጋጥመኝ ዛሬም የራስ ሻሼን፣ ክራማዬን፣ ከራሴ አውልቄ ነው የማነበው። በዚያ ላይ የጻፍሽው አንቺ ነሽ። የኔ ልጅ ጽፋ፣ አትመውላት፣ ቅርፊት ላምን ነው?

የደበቅኩሽ ስምሽ ሽፋን ላይ ሲወጣ ደስ እንዲልሽ ብዬ ነው።

አጎትሽ
ዩን


ፕኖም ፔን፣ ኦገስት 2

አጎቴ፣

አታልቅሺ ብለውኛል፤ አልታዘዝኩም። ቢሮ ውስጥ ሰው ፊት አለቀስኩ። የሚያቃጥለኝ መሳሳቴ ብቻ አይደለም፤ ቀልጄብዎታለሁ። ቅርፊቷን ማንበብ ያስተምሯት ብዬ ጻፍኩልዎ፤ ቡን ሄንግ እየጠበቀ፣ እየቸኮልኩ፣ እየሳቅኩ። እርግጠኛ ነሽ ወይ ብለው የጠየቁኝ እኮ የአሥራ አንድ ቤት ዕጣ ይዘው ነው።

ደብዳቤዎ እንደደረሰኝ ሦስቱን መጽሐፎች መልሼ አወጣኋቸው። ሦስተኛው ከሁለተኛው ቀድቷል፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው። የመጀመሪያው የተጻፈው እኔ ሳልወለድ ነው። ያኔ ጁን ትክክል ይሆናል። ከዚያ ወዲህ ግን ሰማዩም ተለውጧል፣ ላይኛው ሜኮንግም በግድብ ታጥሯል፤ አንዳቸውም ሄደው አላዩም። እኔም አላየሁም። ወንዙ ከቢሮዬ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ጁን ላይ ምሳ ሰዓቴን ትቼ ብወጣ ኖሮ ውሃው ወዴት እንደሚሄድ በዓይኔ አየው ነበር። ናይልን ስለካ፣ አማዞንን ስለካ፣ ያሳደገኝን ወንዝ ወጥቼ ማየት አቃተኝ። ትናንት ሄድኩ። ዛሬም ወደ ባሕሩ እየሄደ ነው።

ለክፍል ኃላፊዬ ለአቶ ቪርያ ወሩ ይውጣ አልኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው «ወር ከሌለው መልስ የለውም፤ መልስ ከሌለው አይፈተንም፤ የማይፈተን ነገር መጽሐፍ ውስጥ ምን ይሠራል?» አሉኝ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ እንዲያው መጽሐፍ ውስጥ ተወልደው መጽሐፍ ውስጥ ያረጁ ናቸው። ጁን ካልወጣ ስሜን ያውጡት፣ እኔም እወጣለሁ አልኩ። እስከ ኦገስት 25 የተሻለ ዓረፍተ ነገር አምጪ፣ ካለበለዚያ እንዳለ ይታተማል አሉኝ። አምስት ሞከርኩ። «በአብዛኛው»፣ «እንደ ሁኔታው»፣ «አንዳንዴ»፤ ሁሉም የፈሪ ቃል ሆነብኝ። በአገሩ ሁሉ ያሉ ልጆች ይህን ሊሸመድዱት ነው፤ ከእነሱም ውስጥ ነገ አባቱ «እርግጠኛ ነህ ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው ይኖራል። እባክዎን ዓረፍተ ነገሩን እርስዎ ይስጡኝ።

ሌላም ልመና አለኝ። ከዚህ ጋር ለአሥራ አንዱ ቤት የጻፍኩት ይቅርታ አለ። የእያንዳንዱን ሰው ስም ጠርቼ ጽፌያለሁ። ልክ ገጹን እንዳነበቡላቸው ጮክ ብለው ያንብቡላቸው። ዓይንዎ እንዳልተሳሳተ ይወቁልኝ።

እርስዎና አክስቴ ደግሞ እኔ ዘንድ ይምጡ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነኝ፤ ውሃም ጭቃም አይደርስም።

ኮላፕ


ከመንደር፣ ኦገስት 20

ለኮላፕ፣

ቡን ሄንግ ይህን ይዞ በአንድ ቀን ካልደረሰ ጎማውን እንደማፈነዳ ነግሬዋለሁ፤ የቀጠሮሽ ቀን ቀርቧል።

ይቅርታሽን አነበብኩላቸው። ባለፈው በጀልባ ነበር የመጡት፤ አሁን በጭቃው ላይ በእግራቸው መጡ፣ እግራቸውን ሳይታጠቡም በረንዳዬ ላይ ተቀመጡ። አንቺ ዓይኑ አልተሳሳተም ያልሽበት ላይ ስደርስ ቆም ብዬ ውሃ ጠጣሁ። ከዚያ ጨረስኩት። ስጨርስ ሁሉም ሞምን አዩ። እሷ ተነሥታ መጣችና ወረቀቱን ከእጄ ወሰደች። እንደማታነብ ታውቂያለሽ። «ስሜ የት ጋ ነው?» አለችኝ። ጣቷን ይዤ አስነካኋት። ብዙ ጊዜ ቆማ አየችው። ከዚያ አጥፋ ሸሚዟ ውስጥ ከተተችውና «በቃ፣ ቀርከሃ ማን ይቆርጣል?» አለች። በማግሥቱ አሥራ አንዳችንም ጫካ ገባን።

ወደ ከተማ ኑ ላልሽው፣ ልጄ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሆኜ ቅርፊቴን ምን ላይ ላስራት ነው? አንቺ ነይ። አሁን የምትተኚበት ቦታ አለ።

ስለ ቅርፊቷ ልንገርሽ። ከቦዩ እስከ ምሰሶው በየጠዋቱ በጭቃ ስመላለስ ከረምኩ። ኦገስት 14 ገመዷ ላላ። 15ም እንደላላ ዋለ፤ ቅርፊቷ እንደሚያመነታ ሰው ባለችበት ትዞራለች። 16 ጠዋት ስደርስ ገመዱ ተወጥሯል፤ ቅርፊቷ ጀርባዋን ለፕኖም ፔን ሰጥታ ወደ ሐይቁ ታያለች። ውሃው ቀይ ነው፣ ሸተተኝ። አፌን ልከፍት አልኩና ዘጋሁት። ሄጄ ሞምን ጠራኋትና ወደ ምሰሶው ጠቆምኳት። አይታ ስትመለስ ሌላው ሄደ፣ ከዚያ ሌላው። አሥራ አንዱም ቤት በየተራ ሄዶ በዓይኑ አየ። ማንም «ቀኑ መቼ ነው?» አላለኝም፤ የማይጠይቁኝ ግን እንደ ጁላይ ተቀይመው አይደለም። ደስ አለኝ።

አሁን ዓረፍተ ነገርሽ። ሦስት ምሽት አሰብኩበት። መጀመሪያ «ወንዙ በዓመት አንድ ጊዜ ይመለሳል፤ ወሩን ዳሩ የሚኖረውን ሰው ጠይቁ» ብዬ ጻፍኩ። ጥሩ መሰለኝ። አድሬ ሳነበው ሰረዝኩት። ዳሩ የሚኖረው ሰው እኔ ነበርኩ፤ ጠየቁኝ፤ እኔም ወረቀት አየሁ። ስለዚህ እንዲህ ብለሽ ጻፊ፦

«የቶንሌ ሳፕ ወንዝ በዓመት አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ይፈሳል። መቼ እንደሆነ ለማወቅ ወጥታችሁ እዩ።»

አቶ ቪርያ መልሱ የታለ ካሉሽ፣ ክንዳቸውን ይዘሽ ወደ ወንዙ ዳር ውሰጃቸው። አሥር ደቂቃ ነው ብለሻል። አንድ የኮኮናት ቅርፊት በገመድ አስሬ ልኬልሻለሁ፤ ራሳቸው ይጣሏት።

ቤቱ ትናንት ከጭቃው ወደ ውሃው ተነሣ። በእግሬ ተሰማኝ። አክስትሽም ትናንት ተመለሰች። ውሻው ከቤቱ ሥር የነበረችውን ቦታውን አጥቶ ከጠዋት ጀምሮ ወደ ውሃው ሲጮህ ውሏል ብላ ታማርራለች። እኔ አልሰማሁትም፤ ግን አፉን ሲከፍት እያየሁት ሳቅኩ።

አጎትሽ
ዩን